ብቻውን የበላ ብቻውን ይታሰራል

ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ታግሳችሁ አንብቡልኝ። ልትሰድቡኝ ያሰባችሁም ጨርሳችሁ አንብባችሁ ስደቡኝ።

አንድ ሰው ተፈርዶበት ወደ ማረሚያ ቤት ሲወርድ ዙሪያውን የሚሰበሰበው መካሪ ብዛቱ ለጉድ ነው። ታስሮ የማያውቅ ሁሉ ስለ እስር ቤት አዋቂ ነው። እኔ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ፣ በዲፕሎማ ተቀጥሬ ሲቪክስ ሳስተምር ዓመታት አልፈዋል። 11 ወር ታስሬ ክሱ ተቋርጦ ወጥቻለሁ። የት እንደታሰርኩና ለምን እንደታሰርኩ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ስላልሆነ በኮመንት አትጠይቁኝ። የዛሬው ጉዳዬ ምክሩ ነው።

ለታሳሪ የሚሰጡት ምክሮች ተጠቃለው ሦስት ናቸው።

አንደኛ፦ «እንደገባህ ጉልበተኛውን ምታው፣ ከዛ በኋላ ማንም አይነካህም።»
ሁለተኛ፦ «ከማንም ጋር አትጠጋ። አንገትህን ደፍተህ ጊዜህን ጨርሰህ ውጣ።»
ሦስተኛ፦ «የራስህን ሰው ፈልግና ከእሱ ጋር ሁን። ሌላውን አትመን።»

ሦስቱም ሰው ይጎዳሉ። ሦስተኛው ደግሞ መካሪውንም ተመካሪውንም ሳይነካ የሚያልፍ ይመስላል እንጂ ከሁሉም የከፋው እሱ ነው። አንድ በአንድ ልሂድበት።

«ምታው» የሚለው ምክር የመጣው ከፊልም ነው። በአሜሪካ ፊልም ላይ እስረኛ ሁለት ሁለት ሆኖ በፍርግርግ ክፍል ውስጥ ይተኛል። ይደባደባል፣ ወደ ክፍሉ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ በቃ። የእኛ እኮ አዳራሽ ነው! እኔ በነበርኩበት ቤት 90 ምናምን ሰው ነበርን። ቀን የመታኸው ሰው ማታ ካንተ አንድ ክንድ ርቆ ነው የሚተኛው። እንዴት ብሎ እንቅልፍ ይወስድሃል? እሱ ቢተውህ እንኳን አብሮት የሚበላው አይተውህም።

ሂሳቡንም ልስራላችሁ፣ የማስተምረው ሂሳብ ባይሆንም። በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 202 መሠረት ታራሚ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ከፈጸመና ጠባዩ መሻሻሉን ካሳየ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። 6 ዓመት የተፈረደበት ሰው 4 ዓመት ሲሞላው የመውጣት ተስፋ አለው ማለት ነው። የቀረው 2 ዓመት የተንጠለጠለው በጠባዩ ላይ ነው። ዕድሜ ልክ የተፈረደበት እንኳን 20 ዓመት ሲሞላው ይህ በር ይታየዋል። አሁን «እንደገባህ ምታው» የምትለው ወንድሜ፣ ያንን ልጅ በአንድ ቡጢ ምን እያስከፈልከው እንደሆነ ገባህ? እናቱ ሁለት ዓመት ተጨማሪ ስንቅ ልትቋጥር ነው። አንተ ያኔ ሌላ ፊልም እያየህ ነው።

ወደ ሁለተኛው እንምጣ። «ከማንም ጋር አትጠጋ።» ይሄኛው ብልህ ይመስላል፤ ዝምታ ወርቅ ነው ሲባል ያደግን ስለሆንን ቶሎ ይገባናል። ግን ምኑን ነው የማትጠጋው? እስር ቤት ውስጥ እኮ መራቅ የሚባል ነገር የለም። ሰው በጎኑ ተደርድሮ በሚተኛበት ቤት አንዱ ሲገላበጥ መስመሩ በሙሉ ይገላበጣል። የአንዱ ሳል የሁሉም ሳል ነው። የአንዱ ቅማል ሳምንት ሳይሞላ የሁሉም ቅማል ነው። ሳንባ ነቀርሳ ያለበት ሰው ሳይታከም ከተኛ፣ «እኔ ከማንም አልጠጋም» ስላልክ ሳንባህ አይተርፍም። ስለዚህ ጥያቄው መጠጋት አለመጠጋት አይደለም፤ ተጠግተሃል። ጥያቄው እንዴት ትኖራለህ ነው።

እስቲ ቀላል ቀላሉን እንቁጠር። ፍርድ ቤት ስትሄድ ፌስታልህን ማን ይጠብቅልሃል? ሌሊት ትኩሳት ሲያንቀጠቅጥህ በሩን ደብድቦ ጠባቂ የሚጠራልህ ማን ነው? ውሃ የሚመጣው በሰዓት ነው፤ ወረፋህ ሲደርስ አንተ ጥየቃ ላይ ከሆንክ ጀሪካንህን ማን ይሞላልሃል? ይግባኝ ለማለት ቀኑ ሲያልቅብህ ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ ማን ያሳይሃል? ጠበቃ እንዳትሉኝ። ጠበቃ ያለው ስንቱ ነው! ማመልከቻውን የሚጽፍልህ እዛው አጠገብህ የተኛው፣ አንተ «አትጠጋው» የተባልከው ሰው ነው።

በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ምክር ይዞ የገባ አንድ ልጅ ነበር። ጨዋ ልጅ ነው፣ ማንንም አይነካም። ሰላምታም አይሰጥም። ስንቁ ሲመጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይበላል። ሦስት ሳምንት እንዲህ ቆየ። አንድ ቀን ከሌላ ሰው ገንዘብ ጠፋና ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። የሰረቀው እሱ አልነበረም፣ በኋላ ተገኝቷል። ግን 90 ሰው መሀል «ኧረ እሱ አያደርገውም» የሚልለት አንድ ሰው አልነበረውም። የሚያውቀው ሰው የለማ! ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል የሚለው ተረት ለማስፈራሪያ የተተረተ ይመስለኝ ነበር። እዛ ቤት ውስጥ ግን እንደ ደንብ ይሠራል።

አሁን ደግሞ ነቢይ መኮንንን አስቡት። በደርግ ጊዜ ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቼልን ትልቅ ልብወለድ ወደ አማርኛ ተረጎመ፤ እኛ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርዕስ እናውቀዋለን። የጻፈው ደብተር ላይ አይደለም፤ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቶቹም የወጡት በሚፈቱ እስረኞች እጅ፣ በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ተደብቀው ነው። እስቲ አስቡት፤ ይህ ሰው «ከማንም ጋር አትጠጋ» የሚለውን ምክር ቢሰማ ኖሮ ያንን ወረቀት ለማን ይሰጥ ነበር? ቢያዝ የሚያስቀጣውን ነገር ኪሱ ከትቶ የሚወጣለት ሰው ከየት ያመጣ ነበር? ዛሬ መጽሐፉን በእጃችን የያዝነው ተርጓሚው ስለጎበዘ ብቻ አይደለም። እስረኞች ተማምነው ስለነበር ነው።

ሦስተኛው ምክር ላይ ደርሻለሁ። ታገሱኝ፣ የጻፍኩት በዚህ ምክንያት ነው።

«የራስህን ሰው ፈልግ።» የራስ ሰው ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ አላብራራም። ችግሩ ምክሩ ላይ አያበቃም። ምክሩን የሰጠው ሰው ቀጥሎ ገንዘብ ያዋጣል። «ለእኛ ልጆች» ይላል። ስም ዝርዝር ያዘጋጃል። ፎቶ ይለጥፋል። እኛም ላይክ እናደርጋለን።

እኔ በነበርኩበት ቤት አንድ ቅዳሜ እንዲህ ያሉ ሰዎች ስም ዝርዝር ይዘው መጡ። ማን እንደሆኑ አልናገርም፤ የየትኛውም ወገን ቢሆኑ ነገሩ ያው ነው። 14 ብርድ ልብስ አመጡ፣ 14 ስም ጠሩ። የቀረነው ቆመን አየን። ከቀረነው መሀል ከሩቅ አገር መጥቶ የታሰረ፣ ጠያቂ ሰው ዓይቶ የማያውቅ፣ በሽተኛ ሽማግሌ ነበር። ብርዱ ደግሞ የኅዳር ብርድ ነው።

እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ የእኛ ቤት አበላል እንዲህ ነበር። አምስት ስድስት ሰው አንድ ማዕድ ይሆናል። ከስድስቱ ሁለቱ ወይ ሦስቱ ጠያቂ አላቸው፣ ሌሎቹ የላቸውም። የመጣው ስንቅ ከማረሚያ ቤቱ ቀለብ ጋር ይደባለቅና ሁሉም ይበላል። ማዕዱ የተሰራው በዘር አይደለም፤ ማን ጠያቂ አለው ማን የለውም ተብሎ ታስቦ ነው። ይህንን ያወጣ አስተዳደር የለም፣ እስረኛው ራሱ ነው ያወጣው። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ማዕዶቹ ፈረሱ። ብርድ ልብስ ያገኙት ወደ አንድ ጥግ ተሳቡ። መሳባቸውን ፈልገው አይመስለኝም፤ ሰው ዓይን አስቀመጠባቸው፣ እነሱም አፈሩ፣ እፍረቱ ኩርፊያ ሆነ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በውሃ ወረፋ ሰበብ ጠብ ተነሳ፤ የአንድ ልጅ ጥርስ ወለቀ። ጥርሱ የወለቀው ልጅ ብርድ ልብስ ከተሰጣቸው አንዱ ነው። «የእኛ ልጅ» ተብሎ ስሙ የተጠራው!

ነገሩን የጠገኑት እስረኞቹ ናቸው። ከ14ቱ ውስጥ ጥቂቶቹ ለሁለት እየሆኑ በአንድ ብርድ ልብስ መተኛት ጀመሩና የተረፈውን ለታመሙት ሰጡ። ማዕዱ ተመልሶ እስኪገጥም አንድ ወር ፈጀ። ከውጭ የመጡት ሰዎች ይህን አያውቁም። ፎቶውን ለጥፈው ተመሰጋግነው አልፈዋል።

ይህን ስጽፍ የሮቢን ደሴት ነገር ትዝ ይለኛል። ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ አበባ መጥተው ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ወስደው ነበር፤ በዚያው ዓመት ወደ አገራቸው ተመልሰው ተያዙ። ከ27 ዓመት እስራቸው 18ቱን ያሳለፉት በዚያ ደሴት ነው። እዛ ቀለብ የሚታደለው በቆዳ ቀለም ነበር። ለሕንዳውያንና ክልስ ለሚባሉት እስረኞች ዳቦ ይሰጣል፣ ለጥቁሩ አይሰጥም። ስኳሩም ይለያያል። ልብሱ እንኳን ሳይቀር ይለያያል፤ አብረዋቸው የተፈረደባቸው ሕንዳዊው አህመድ ካትራዳ ረጅም ሱሪ ሲሰጣቸው ለማንዴላ የተሰጠው ቁምጣ ነበር። ይህን ያደረገው አፓርታይድ ነው፤ እስረኛን በእንጀራው ከከፋፈልከው ሌላ ዱላ እንደማያስፈልግህ ያውቅ ነበር። እስረኞቹ ግን ይህንን ልዩነት ተቃወሙ፤ እርስ በርስም እየተማማሩ ደሴቲቱን ዩኒቨርሲቲ እስከማስባል አደረሱ።

እኛ አፓርታይድ የለብንም። እኛ ራሳችን በፌስታል ይዘን ነው የምንሄደው። ገዢ ሳያዘን፣ በገዛ ገንዘባችን፣ «በጎ አድራጎት» ብለን ስም ሰጥተን የእስረኛን ማዕድ እናፈርሳለን። ይሄ ካላናደዳችሁ ምን ያናድዳችኋል?

አሁን የምትሉትን አውቃለሁ። «መምህር፣ እስር ቤትን ገነት አስመሰልከው። እዛ እኮ ገዳይም ቀማኛም ነው ያለው።» ልክ ናችሁ፣ አለ። ገነት አላልኩም። ቁማር አለ፣ ሱስ አለ፣ ልብስ የሚሰርቅ አለ። አዲስ ገቢውን «የሻማ» እያለ ገንዘብ የሚቀበል ካቦ ያለበትም ቦታ አለ። ካቦ የሚለው ቃል ከጣሊያን የወረስነው ነው፣ አለቃ ማለት ነው። ካቦው ጥሩ ሰው ከሆነ ቤቱ ጥሩ ነው፣ ክፉ ከሆነ ሲኦል ነው። ይሄ ዕጣ ነው እንጂ ሥርዓት አይባልም። የተባበሩት መንግሥታት በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ያጸደቃቸውና በማንዴላ ስም የሚጠሩት የእስረኞች አያያዝ ደንቦች አሉ። ደንብ 40 እስረኛ በሌላው እስረኛ ላይ የቅጣት ሥልጣን ይዞ ማረሚያ ቤቱን እንዲያገለግል አይፈቅድም። እስረኞች በትምህርት፣ በስፖርት፣ በማኅበራዊ ጉዳይ ራሳቸውን በኮሚቴ እንዲያደራጁ ግን ይፈቅዳል። ልዩነቱን ልብ በሉ። ወረፋ የሚያስጠብቅ ኮሚቴ ሌላ፣ ዱላ የተሰጠው ካቦ ሌላ። አብሮ መኖር ያልኩት የመጀመሪያውን ነው።

አብሮ መኖር ማለት ደግሞ ሆድን ዘርግፎ ማውራት አይደለም። ሊታሰር ያለ ዘመድ ያላችሁ ሰዎች፣ ከእነዚያ ሦስት ምክሮች ይልቅ እነዚህን ንገሩት፤ በዓይኔ ያየሁት ነው።

በገባህበት ሰዓት ለቤቱ ሰው ሁሉ ሰላምታ ስጥ፣ ስምህን ተናገር። የተሰጠህ ቦታ ሽንት ቤት አጠገብ ከሆነ አትጣላ። ሰው ሲፈታ ቦታው ይቀየራል።

ማንንም «ምን ሠርተህ ገባህ?» ብለህ አትጠይቅ። ራሱ ከነገረህ ስማ፣ አትፍረድ። የአንተንም የክስ ዝርዝር ለጠበቃህ ካልሆነ ለማንም አትንገር። ሰላምታ ለሁሉም ነው፣ የክስ ጉዳይ ግን ለአንድ ሰው ብቻ።

ገንዘብ አትበደር፣ ቁማር አጠገብ አትቀመጥ። እዛ ቤት ውስጥ ካየኋቸው ጠቦች አብዛኞቹ ከዕዳ የመጡ ናቸው።

የጽዳት ተራህ ሲደርስ አትሸሽ። ለሌላ ሰው ከፍለህም አታስጠርግ። የተማረ ሰው መጥረጊያ ይዞ ሲታይ የሚያገኘው ክብር በሌላ መንገድ አይገኝም።

የምታውቀው ነገር ካለ አካፍል። ልብስ መጣፍ የሚችል ይጣፍ፣ ፀጉር መቁረጥ የሚችል ይቁረጥ። እኔ የምችለው ማስተማር ብቻ ስለነበር ፊደል አስቆጠርኩ። ዕድሜው ከ50 ያለፈ ገበሬ በጣት አሻራ ፋንታ በስሙ ሲፈርም አይቻለሁ። ያ ሰው ከእኔ ጋር በቋንቋም በሃይማኖትም አይገናኝም። ግን በታመምኩ ጊዜ ሻይ አፍልቶ ያጠጣኝ እሱ ነው። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ስንል ለጌጥ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ለማረሚያ ቤት ኃላፊዎች አለኝ። እስረኛው ተስማምቶ ይኖራል ብላችሁ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። ጉዳዩ ገና ያልተወሰነበትን ከተፈረደበት፣ ልጁን ከአዋቂው ለይቶ ማኖር የእናንተ ሥራ ነው፣ የካቦ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 የታሰረ ሰው ክብሩ ተጠብቆ የመያዝ መብት አለው ይላል። በትዳር ጓደኛው፣ በዘመዱ፣ በጓደኛው፣ በሃይማኖት አባቱ፣ በሐኪሙና በጠበቃው የመጠየቅ መብትም ሰጥቶታል። ጓደኛ የሚለው ቃል እዛ ውስጥ አለ፤ እኔ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ነው የማስተምረው። ታዲያ ለምንድን ነው በር ላይ «ዘመዱ ካልሆንክ አትገባም» የሚባለው? ከሩቅ የመጣ እስረኛ ዘመድ ከየት ያምጣ? ሊጠይቀው የፈለገ ጓደኛ ሲከለከል የማን ስንቅ ላይ እንደሚወድቅ አስቡ። የጎረቤቱ ማዕድ ላይ ነው።

«ይበስብስ!» እያላችሁ ለምትጽፉትም አንድ ቃል። የተበደለ ሰው ቢቆጣ እረዳለሁ፤ የተገደለበት ሰው እንባ ላይ አልቀልድም። ግን የምትጽፉት አብዛኞቻችሁ የተበደላችሁ አይደላችሁም። ያ የታሰረው ሰው ቅጣቱን ጨርሶ አንድ ቀን ይወጣል፣ ጎረቤታችሁ ቤት ይከራያል፣ ታክሲ ውስጥ አጠገባችሁ ይቀመጣል። ወረፋ ጠብቆ፣ ከማያውቀው ሰው ጋር እንጀራ ቆርሶ፣ ተራው ሲደርስ ጠርጎ የኖረ ሰው ቢወጣ ይሻላችኋል፣ ወይስ ለአራት ዓመት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቂም ሲያመነዥክ የኖረ?

ወደ ተግባር ልግባ። እስረኛ የምትጠይቁ እናቶች፣ እህቶች፣ ጓደኞች፦ አቅማችሁ ከፈቀደ ከልጃችሁ ስንቅ ላይ አንድ እንጀራ ጨምሩ። ጠያቂ የሌለው አጠገቡ አለ። ሲወጣም ሲገባም «ከማን ጋር ትበላለህ?» ብላችሁ ጠይቁት፣ የሚበላውን ሰው ስም እወቁ፣ ሰላምታ ላኩለት። እናቴ ይህን ታደርግ ነበር፤ ያላየቻቸውን አምስት ሰዎች በስም ትጠራ ነበር። ደህንነቴን የጠበቀልኝ ከጠባቂው ይልቅ ያ ሰላምታ ነው።

ገንዘብ የምታዋጡ ማኅበሮች ደግሞ ስም ዝርዝራችሁን ቅደዱት። ብርድ ልብስ 14 ብቻ ካላችሁ «ለቤቱ» ብላችሁ ስጡ፤ እዛ ውስጥ ማን እንደበረደው ከእናንተ የበለጠ የሚያውቁ ሰዎች አሉ። ሳሙና ስጡ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ስጡ፣ ያነበባችሁትን መጽሐፍ ስጡ። ፎቶው ይቅርባችሁ።

«አንተ የራስህን ወገን ስለማትወድ ነው» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። ወገኔን ስለምወድ ነው እንጂ! ወገኔ የሚታሰርበት ቤት ውስጥ ሌላውም ታስሯል። የእኔ ልጅ ሌሊት ቢታመም በሩን የሚደበድብለት ያ «ሌላው» ነው። ለእሱ ያልሰጠሁት እንጀራ ለልጄ የነፈግሁት እንጀራ ነው።

እስር ቤት የነበራችሁ፣ የምትጠይቁት ሰው ያላችሁ፣ ያያችሁትን ከታች ጻፉ። ከእኔ የተለየ ያየ ካለም ይጻፍ፣ እንከራከራለን። ዘር ጠርቶ የሚሳደብን ግን አጠፋለሁ። ቅዳሜ ጥየቃ የምትሄዱ ካላችሁ፣ ያቺን አንድ እንጀራ እንዳትረሱ።